ሁለተኛው ልጅ የት ይተኛል?

ማሂ ከጀሞ (ርዕሱን የከፈተችው)

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ይህን ጽፌ ሁለት ቀን ሳልለጥፈው አቆየሁት። የጓዳን ነገር አደባባይ ማውጣት ይከብዳል። ዛሬ ግን ልተንፍሰው።

34 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን እንኖራለን። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችን። ሁለታችንም እንሠራለን፣ ጤናችንም ደህና ነው። ሁለተኛ ልጅ እንፈልጋለን። በጣም እንፈልጋለን። ወሬው በተነሳ ቁጥር ግን አንድ ቦታ ደርሰን እንቆማለን። የት ይተኛል?

ቤቱን ላሳያችሁ። መኝታ ቤቱ አልጋና ቁም ሳጥን ይዞ ሞልቷል። በሁለቱ መሀል ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። ልጄ ስትወለድ የሕፃን አልጋዋን እዚያ መሀል ከተትነው። ከዚያ በኋላ የቁም ሳጥኑ አንዱ በር ለሁለት ዓመት አልተከፈተም። አሁን ከእኛ ጋር ነው የምትተኛው። ሠራተኛችን ሳሎን ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ይጠጋል፣ ፍራሹ ከሶፋው ኋላ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ቴሌቪዥን የለም፣ እንግዳም የለም። ባለቤቴ የቢሮ ሥራ ይዞ ከመጣ ኩሽና ገብቶ ቆሞ ይሠራል።

ባለፈው ወር ባለ ሁለት መኝታ ፍለጋ ደላላ ያዝን። የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ናችሁ?" ነው። ሁለተኛው "ልጅ አላችሁ?" አንዷ አከራይ ልጄን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ግድግዳ ላይ ትጽፋለች?" አለችኝ። ይሁን፣ ቤቷ ነው። ሌላው ግን "ሌላ ለመውለድ አስባችኋል?" ብሎ ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። "ኧረ አላሰብንም" አልኩት። ስመለስ ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ። ያልኩት ነገር እውነት እየሆነ መምጣቱ ነው ያስለቀሰኝ።

እናንተስ? በቤት ምክንያት ልጅ ያዘገያችሁ ወይም ጭራሽ የተዋችሁ አላችሁ?

የየካ አባዶው

ማሂ፣ ያንቺን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ።

በ1997 ኮንዶሚኒየም ስመዘገብ 24 ዓመቴ ነበር። ወንደላጤ ነኝ፣ ትልቅ ቤት ምን ያደርግልኛል ብዬ ባለ አንድ መኝታ አልኩ። በ2005 እንደገና ተመዝግባችሁ ቆጥቡ ስንባል የወር ቁጠባው ለስቱዲዮ 151፣ ለባለ አንድ 274፣ ለባለ ሁለት 561፣ ለባለ ሦስት 685 ብር ነበር። ቁጥሮቹ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጡም። ከእጮኛዬ ጋር ወረቀቱን ዘርግተን አንድ ምሽት ሙሉ አይተናቸዋል። ከባለ አንድ ወደ ባለ ሁለት መሻገር እጥፍ ነው። በዚያ ደሞዝ አይሞከርም። ባለ አንዱን ይዘን ቀጠልን።

ዕጣው በ2007 ወጣልኝ። እልል ተባለ። ቁልፍ ስረከብ ግን አግብቼ ወልጃለሁ፣ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ቤቱን የጠየቀው አንድ ወንደላጤ ነው፤ የገቡበት አራት ሰዎች ናቸው።

ሸጬ ልቀይር እንዳልል አምስት ዓመት መሸጥ አይፈቀድም። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ በእኔና በባለ ሁለት መኝታው ዋጋ መሀል ያለው ክፍተት የሚሞላ አልሆነም። ሁለተኛ ልጅ ሳንወልድ ቀረን። ባለቤቴ አሁን 41 ዓመቷ ነው። ሰዉ "እናንተ እኮ ቤት አላችሁ" ይለናል። አዎ አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማታ ማታ ግን ባለቤቴ የልጃችንን የድሮ ልብሶች አውጥታ ታጥፋለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ለማን እንደምታስቀምጥ ጠይቄያት አላውቅም።

ጋሽዬ ከሽሮ ሜዳ

ልጆቼ፣ አትቆጡኝና አንድ ነገር ልበል። እናቴ ሰባታችንን ያሳደገችን በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ከላይ ቆጥ ነበረን። ወንዶቹ ቆጡ ላይ፣ ሴቶቹ ታች ከእሷ ጋር። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባል ነበር፣ አደግን። አስተማሪ የሆነ አለ፣ ሐኪም የሆነች አለች።

ቤት እስኪሰፋ ስትጠብቁ ዕድሜ አይጠብቃችሁም። ይህን የምለው ልፈርድባችሁ አይደለም። የመጀመሪያ ልጄ ቤት ቤት እያለች 40 አለፋት። እሷ ምንም አትለኝም። እኔ ግን ዓይኗን አያለሁ።

የልደታ ልጅ

ጋሽዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እኔም የቀበሌ ቤት ልጅ ነኝ። ልደታ ፈርሶ ከመሠራቱ በፊት ነው ያደግኩት። ግን ልብ ይበሉልኝ። ክፍላችን አንድ ቢሆንም እኛ የኖርነው ግቢው ውስጥ ነው።

በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ አንዱ ግቢ ለብዙ አባወራ ተሸነሸነ። ቧንቧው የጋራ፣ ኩሽናው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ሽንት ቤቱን አላሞግስም፤ በክረምት ሌሊት ባትሪ ይዞ መውጣቱን አልረሳውም። ግን እናቴ ገበያ ስትሄድ እኔን ለማን ልተው ብላ ተጨንቃ አታውቅም። ጎረቤታችን እትዬ በር ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እኛ ሥራቸው እንንከባለላለን። ጠዋት የወጣን ለምሳ እንገባለን፣ ከዚያ እስኪመሽ የለንም። ክፍሏ ማደሪያ ብቻ ነበረች።

ኮንዶሚኒየም ስንገባ ክፍል ጨመረልን፣ ግቢው ግን ቀረ። አሁን የእህቴን ልጆች አያቸዋለሁ። ከሦስተኛ ፎቅ ሕፃን ብቻውን ወርዶ አይጫወትም። ታች መኪና ነው። ከትምህርት ቤት ከተመለሱ እስኪተኙ እዚያችው ሳሎን ውስጥ ናቸው። ሁለት ልጅ፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ስልክ። ሲሯሯጡ ከታች ያለችው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትመታለች። ስለዚህ የያኔውን አንድ ክፍልና የዛሬውን አንድ ክፍል እኩል አንቁጠራቸው ጋሽዬ።

ጋሽዬ ከሽሮ ሜዳ

እውነትሽን ነው ልጄ። ቆጡን ሳስታውስ ግቢውን ረሳሁት። እናቴም ብቻዋን አላሳደገችንም።

ኢንጂነር ከሰሚት

በኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ፕሮግራሙ ሲነደፍ ድርሻው 20 በመቶ ስቱዲዮ፣ 40 በመቶ ባለ አንድ መኝታ፣ 20 በመቶ ባለ ሁለት፣ 20 በመቶ ባለ ሦስት ነበር። ከአሥር ቤት ስድስቱ ከአንድ መኝታ አያልፍም ማለት ነው። ባለ ሦስት መኝታ የሚባለው ራሱ ከ45 ካሬ ሜትር ይጀምር ነበር። 10/90 የሚባለው፣ 10 በመቶ ቆጥበህ ቀሪውን በባንክ ብድር የምትከፍልበት፣ ደግሞ በሙሉ ስቱዲዮ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከደግ ቦታ ነው። በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ሰው ይግባ ተባለ። የወረፋውን ርዝመት ለሚያውቅ ሰው ያ ሐሳብ ስህተት አይመስልም። እኔም አምኜበት ነው የሠራሁት።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚበላው ኩሽናና መታጠቢያ ነው። ቧንቧው፣ ፍሳሹ፣ ሴራሚኩ፣ ገንዳው እዚያ ነው ያለው። መኝታ ቤት ምንድን ነው? ወለል፣ ግድግዳ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል። ሁለት ስቱዲዮ ስትሠራ ሁለት ኩሽናና ሁለት መታጠቢያ ትሠራለህ። በዚያው ስፋት አንድ ባለ ሁለት መኝታ ብታወጣ የአንዱ ወጪ ይተርፍሃል። በካሬ ሲሰላ ውዱ ትንሹ ቤት ነው።

ታዲያ ለምን ትንንሽ ይበዛል? በብዙ ሰው አቅም ልክ የሚሆነው የአንዱ ቤት ጠቅላላ ዋጋ ስለሆነ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላው አቆጣጠሩ ነው። ርክክብ ሲነገር የሚነገረው የቤት ቁጥር ነው። ሁለት ስቱዲዮ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፣ አንድ ባለ ሁለት መኝታ አንድ። ከተማው በር ይቆጥራል። ከበሩ ጀርባ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ከአሥር ዓመት በኋላስ ስንት እንደሚሆኑ የሚቆጥር የለም።

በሌላ በኩል የግል ሪል እስቴቶችን እዩ። ባለ ሦስት መኝታ ሞልቷል፣ ሳሎኑ ኳስ ያጫውታል። ለደሞዝተኛ ግን አይታሰብም። ትልቅ ቤት ከተማው ውስጥ አለ። ልጅ የሚያሳድግ ሰው የሚችለው ትልቅ ቤት ነው የጠፋው።

የአያቱ ደላላ

ማሂ እህቴ፣ እኔ ደላላ ነኝ። ዓመታት ሙሉ "ልጅ አላችሁ?" እያልኩ ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የምንጠይቀው አከራይ ስለሚያዘን ነው። ባለ ሦስት መኝታ ያለው ሰው ለቤተሰብ ከመስጠት ሦስት ሠራተኛ ልጆችን በየክፍሉ ቢያስገባ የተሻለ ያገኛል። ወይ ለቢሮ ይሰጠዋል። ወይ ዕቃ አሟልቶ ከውጭ ለሚመጣ በቀን ያከራየዋል። ቤተሰብ ውሃ ይፈጃል፣ በር ያላላል፣ ከገባ አይወጣም ይላሉ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይለፍ ብሏል። ለተከራይ ጥሩ ነው። እኔም ተከራይ ነኝ። ግን አንዳንዱ አከራይ ከዚያ ወዲህ ገና በር ላይ መምረጥ አብዝቷል። ልጁን አቅራቢያው ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው በቀላሉ እንደማይለቅ ያውቃል።

አንድ ቀን ነፍሰ ጡር ሴት ይዤ አምስት ቤት አዞርኩ። አምስቱም ሆዷን አይተው "ተይዟል" አሉ። አምስተኛው ጋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯ አብጦ ነበር። "ወንድሜ፣ ካፖርት ለብሼ ልሂድ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ጥያቄ ከአፌ አላወጣም። አከራዩ ከፈለገ ራሱ ይጠይቅ።

ማሂ ከጀሞ

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። ያቺ ሴት ቤት አገኘች?

የአያቱ ደላላ

አገኘች። አንዲት እናት ከግቢያቸው ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሰጧት። ክፍሏ አንድ ናት፣ ግን ደጅ አላት።

አዋላጇ

በሙያዬ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለዚህ ነገር የማውቀውን ላካፍል።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በዕድሜ ዘመኗ በአማካይ የምትወልደው በ1992 1.9፣ በ1997 1.4፣ በ2003 1.5፣ በ2008 ደግሞ 1.8 ልጅ ነበር። ትውልድ ራሱን ለመተካት ወደ 2.1 ያስፈልገዋል። በ2008 የአገሪቱ አማካይ 4.6 ነበር። ከተማዋ ገና ድሃ ሳለች ነው ወሊዷ እንዲህ የወረደው። ይህን ያጠኑ ሰዎች ሥራ ማጣትን፣ የቤት እጦትን፣ ከእነዚህም የተነሳ የትዳርን መዘግየት ያነሳሉ። በእርግጥ ሴቶች መማራቸውና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንደልብ መገኘቱም አለበት። ያ መልካም ነገር ነው። በምርጫዋ አንድ ልጅ የምትወልድ ሴት አንድ ይበቃታል፣ የማንም ጣልቃ ገብነት አያስፈልጋትም።

የሚያሳዝኑኝ ሌሎቹ ናቸው። ክንዷ ላይ የተቀበረው መከላከያ ጊዜው አልፎ ልታስወጣ ትመጣለች። "ልትወልጂ ነው?" እላታለሁ። "አይ፣ አውጪና ሌላ አስገቢልኝ፣ ቤት እስክንቀይር" ትለኛለች። ሦስት ዓመት ቆይታ ያንኑ መልስ ይዛ የተመለሰች አለች።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ለአንድ ሕፃን የሚያስፈልገው የሕፃኑ አልጋ ብቻ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የእናት ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። የአባት ሦስት ቀን። ከዚያስ ማን ይይዘዋል? ወይ አያት ትመጣለች ወይ ሠራተኛ ይቀጠራል። ሁለቱም ማደሪያ ይፈልጋሉ። ስለዚህ "አንድ ልጅ ልጨምር" ያለች እናት የሁለት ሰው ቦታ ነው የምትፈልገው። ከክፍለ ሀገር ልጇን ልታርስ መጥታ፣ ማደሪያ ስላጣች በሳምንቷ የተመለሰች እናት አውቃለሁ። ገንፎውን አገንፍታ፣ ቅቤውን አስቀምጣ፣ እያለቀሰች ሄደች። አራሷም ብቻዋን ቀረች።

ገና ያላገባው

እናንተ ስለ ሁለተኛው ታወራላችሁ፣ እኛ አንደኛው ጋ አልደረስንም።

32 ዓመቴ ነው። ቤተሰቦቼ ቤት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተደራራቢ አልጋ ላይ እተኛለሁ፣ ላይኛው የእኔ ነው። የምወዳት ልጅ አለች፣ አምስት ዓመታችን ነው። አማርኛችን ራሱ ማግባትን "ጎጆ መውጣት" ይለዋል። ጎጆዋ ከሌለች ወዴት ይወጣል? ሽማግሌ ብልክ አባቷ የሚጠይቁት መጀመሪያ "የት ነው የምታኖራት?" ነው። እንዲህ ብለው ቢጠይቁኝም አልቀየማቸውም። አባት ናቸው።

ስቱዲዮ ፈልገን ነበር። ያገኘነው ከደሞዛችን ግማሽ በላይ ይወስዳል። ብንገባበት ደግሞ ልጅ ሳይኖረን ገና ጠባብ ነው። እሷ "እንግባና እንይ" ትላለች። እኔ ነኝ የፈራሁት።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነኝ። እዚህም ያለው ሌላ ዓይነት ነው እንጂ ሰላም አይምሰላችሁ። ብዙ አከራዮች በአንድ መኝታ ሁለት ሰው ነው ልካቸው። ሦስተኛው ልጅ ሲመጣ "ባለ ሦስት መኝታ ፈልጉ" ይላሉ። ባለ ሦስት መኝታ አፓርትማ ደግሞ ጥቂት ነው፣ አዲስ የሚሠራው ሕንጻ ባብዛኛው ስቱዲዮና ባለ አንድ ነው። እናቴን ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ሳስመጣት ስድስት ወር ሙሉ ሳሎን ተኛች። አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም። ጠዋት ከማንም ቀድማ ተነስታ ብርድ ልብሷን አጥፋ ሶፋውን ታስተካክል ነበር፣ እንግዳ ያደረበት እንዳይመስል። እኔ ያንን ማጠፍ አልረሳውም።

እማማ ከገርጂ

የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። እኔ የምለውን ትጻፍልኝ።

ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ። አራቱን ልጆቼን እዚያ አሳደግሁ፣ ዳርኩ፣ ሁለቱ ውጭ ሄዱ። ባለቤቴ አርፏል። አሁን ብቻዬን ነኝ። ሁለቱን ክፍል ዘግቼ ነው የምኖረው። በወር አንዴ ከፍቼ እጠርጋለሁ፣ አየር አስገባለሁ፣ እዘጋለሁ።

ለምን አትለቂውም ትሉኝ ይሆናል። የት ልሂድ? ሽጬ ትንሽ ልግዛ ብል ደላላው፣ ቀረጡ፣ ወረቀቱ ያስፈራኛል። ማኅበሬ፣ ዕድሬ፣ ቤተ ክርስቲያኔ እዚህ ነው። ከዚህ አውጥተው ሩቅ ቢወስዱኝ ቀባሪ የለኝም። ግን እዚሁ ብሎካችን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ የሚለውጠኝ ባገኝ፣ ልዩነቱንም ሕግ ባለበት ቢያስተካክሉልኝ፣ ነገ እወጣለሁ። እንደ እኔ ያሉ በየብሎኩ አሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አራት ሆነው በአንድ መኝታ የሚኖሩ አሉ። ልጆቻቸው ደረጃ ላይ የቤት ሥራ ሲሠሩ አያለሁ። እዚህ ግቡ ብያቸው ነበር፤ አሁን ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ጋ ያጠናሉ።

ኢንጂነር ከሰሚት

እማማ፣ ያሉት ነገር ትልቅ ነው። በአንድ ሳይት ውስጥ ቤት ለቤት መለዋወጥን የሚያቀልል አሠራር ቢኖር አንድ ብሎኬት ሳይደረደር ስንቱ ቤተሰብ በሰፋ ነበር። አዲስ የሚሠራውም ቢሆን ሁለት አጎራባች ስቱዲዮ ኋላ አንድ ቤት መሆን እንዲችል መሀል ላይ የሚሸከም ግድግዳ ወይም ምሰሶ ባይደረግ ይቻላል። በር መቅደድ ብቻ ይበቃል። ይህ በዲዛይን ጊዜ ከታሰበበት ወጪው ኢምንት ነው። ከተሠራ በኋላ ግን አደራችሁን፣ ባለሙያ ሳታማክሩ ግድግዳ እንዳትነኩ።

የየካ አባዶው

እኔ ሳሎኑን በኮምፔርሳቶ ከፍዬ ነበር። ለእናቴ። ድምፅ አይከለክልም፣ ብርሃን ይቀንሳል፣ ግን ሰው ልብሱን የሚቀይርበት ቦታ ያገኛል። ማሂ፣ የምትሞክሩት ከሆነ እስከ ጣሪያ አታድርሱት፣ ከላይ ክፍት ተዉለት፣ አለዚያ በበጋ ያፍናል። አከራዩንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማሂ ከጀሞ

ሁላችሁንም አንብቤያችኋለሁ፣ አንዳንዱን ደጋግሜ። ለባለቤቴም አነበብኩለት። የእማማ ላይ ስደርስ "ቆይ ድገሚው" አለኝ። አዋላጇ፣ የሁለት ሰው ቦታ ያልሽው በትክክል እኛ ስም ሳናወጣለት ስንጨቃጨቅበት የኖርነው ነገር ነው። ያላገባኸው ወንድሜ፣ ልጅቷ "እንግባ" ካለችህ የእሷን ነገር ስማ። እኛ መጀመሪያ የገባንባት ቤት ከስቱዲዮም ታንስ ነበር፣ ያን ጊዜ የሠራነው ትዝታ ዛሬም ስንቃችን ነው። ልጅ ላይ ስትደርሱ የምትሉትን አልነግርህም፣ እኔም ገና አላወቅሁትም።

ትናንት ማታ ባለቤቴ ሜትር አውጥቶ ሳሎኑን ለካ። ከመስኮቱ እስከ ኩሽናው በር 3 ሜትር ከ60 ነው። 1 ሜትር ከ80 ላይ ቢከፈል አልጋ ይገባል፣ ግን አንደኛው ወገን መስኮት ያጣል። የትኛው ይጣ በሚለው ላይ ቆመናል። ልጄ ጠመኔ አምጥታ አባቷ የለካበት ላይ መስመር አሰመረች። ከዚያ ተሻግራ በመስኮቱ በኩል ቁጭ አለች። "ይሄኛው የሱ ነው" አለች። የማን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም። ጠዋት ሠራተኛችን ቤቱን ስታጸዳ መስመሩን ትታ ዙሪያውን ወለወለች።